ከመታወቂያው ላይ የቀነስኳቸው ዘጠኝ ዓመታት

ስለ ልጄ ከማውራቴ በፊት እኔ ማን እንደሆንኩ ይታወቅ። ተማሪ ቤት አልገባሁም። ፊደል የለየሁት በራሴ ነው፤ ቄሱ ዳዊት ሲደግሙ ከአጥር ውጭ እየሰማሁ፣ የሰማሁትን ከዘይት ጣሳና ከማዳበሪያ ጆንያ ላይ ካለው ጽሕፈት ጋር እያመሳከርኩ። መደመርና መቀነስም ያለ መምህር ተማርኩ። በዚህ የተነሳ ስቀንስ የሚከለክለኝ አልነበረም። ሃያ ስድስት ዓመት የቀበሌያችን ጸሐፊ ሆኜ ስሠራ በጽሕፈቴ የሚወዳደረኝ ሰው ከዘመሮ እስከ ቀየት አልተገኘም። ገበያ ስወጣም የበግ ዕድሜ ከጥርሷ አይቼ እናገራለሁ፤ ነጋዴ ተከራክሮኝ አያውቅም።

የገዛ ልጄን ዕድሜ ያሳሳትኩት እንግዲህ እንዲህ ያለሁ ሰው ነኝ።

መታወቂያ በምሞላበት ዘመን በአገራችን ዕድሜውን በትክክል የሚያውቅ ሰው ጥቂት ነበር። እኔ ግን የልደት ደብተር ነበረኝ። ማን በየትኛው ወንጌላዊ ዘመን፣ በየትኛው ቀን እንደተወለደ ጽፌ አስቀምጣለሁ። መታወቂያው ላይ የማሰፍረው ሌላ ነው። ሴቷም ለጋብቻ፣ ወንዱም ለሥራ «ትንሽ ዝቅ ያድርጉልኝ» ሲሉኝ እምቢ ማለት አልችልም ነበር። ልጄ የመጀመሪያ ባሏን ፈታ ቤቴ ሳለች፣ መሐል ሜዳ ልብስ የሚሰፋ የቀበሌያችን ተወላጅ፣ ሽማግሌ ላከባት። ያን ጊዜ ሠላሳ ዘጠኝ ዓመቷ ነበር። አዲሱ መታወቂያዋ ላይ ሠላሳ ብዬ ጻፍኩ። እጅግ በሚያምር ጽሕፈት።

በሦስተኛው ዓመት አረገዘች። የመጀመሪያ እርግዝናዋ ነው። ቢሮና ሐኪም ቤት ስለምችልበት፣ ወደ ክትትሉ ከባሏ ጋር እኔም ሄድኩ።

አዋላጅ ነርሷ የልጅ ልጄ ልትሆን የምትችል ወጣት ነበረች። ልጄ ገና ሳትቀመጥ ጀመረች።

«ጎረቤቴ ዳውን ሲንድረም ያለባት ልጅ አለቻት። ልቧ መታመሙ የታወቀው በጣም ዘግይቶ ነው። እኔ ቀድሜ ማወቅ፣ መዘጋጀት ነው የምፈልገው።»

«ልክ ነሽ» አለች ነርሷ። «እርግማን አይደለም፤ ጽንሱ ሲጀምር አንድ ክሮሞዞም በትርፍ ሲገባ የሚመጣ ነው። በማንኛዋም እናት ይደርሳል፤ ዕድሜ ሲገፋ ግን ዕድሉ ይጨምራል። ደብረ ብርሃን የጽንሱን የአንገት ጀርባ በአልትራሳውንድ የሚለኩ ሐኪም አሉ። ወረፋው ስለሚበዛ ቅድሚያ የምንሰጠው ከሠላሳ አምስት ዓመት በላይ ለሆኑት ነው። አሥራ አራት ሳምንት ካለፈ ደግሞ ልኬቱ አይሠራም።» መታወቂያውን አየች። «አንቺ ሠላሳ ሦስት ነሽ። ገና ነሽ።»

ልጄ አሥራ ሁለተኛ ሳምንቷን ይዛለች። ዐይኗን ወደ እኔ ጣለች። ባሏ አጠገቧ ስለነበር ራሷ መናገር አልቻለችም።

«ይህ ጽሕፈት እንዴት ያምራል!» አለች ነርሷ መታወቂያውን እያገላበጠች።

«እኔ ነኝ የጻፍኩት» አልኩ።

ዕድሜዋን ሳላነሳ መታወቂያውን ተቀብዬ ወጣሁ።

ቤት ስመለስ ለባለቤቴ የሆነውን ነገርኳት። «አንቱ ሰውዬ» አለችኝ፣ «የሰው በግ አፍ ከፍተው ‹ይቺ አርጅታለች› ሲሉ አያፍሩም። ለልጅዎ ሲሆን ምላስዎ ተያዘ? ማኅፀን መታወቂያ ያነባል ብለው ነው?»

«ባሏ ቢፈታትስ?»

«ለዚያ ያሰቡት ዛሬ ነው?»

በማግሥቱ ደብተሬን በብብቴ ይዤ ወደ ልብስ ሰፊው ሱቅ ሄድኩ። እሱ የስፌት መኪናው ላይ ነበር፤ ልጄ ቁልፍ ትተክላለች። ደብተሩን የልደቷን ገጽ ገልጬ ጠረጴዛው ላይ ዘረጋሁት፤ ዘመነ ሉቃስ፣ የኅዳር ሚካኤል ማግሥት።

«ሚስትህ አርባ ሁለት ዓመቷ ነው» አልኩት። «ዘጠኙን የቀነስኩት እኔ ነኝ። እሷን አትውቀስ።»

የስፌት መኪናው ቆመ። ልጄ መርፌዋን እንደያዘች አንገቷን ደፋች።

«አባባ» አለ ልብስ ሰፊው፣ «የእኔን ረሱት እንዴ?»

«ምንህን?»

«ሽማግሌ ከመላኬ በፊት አንድ ዶሮ ይዤ መጥቼ ነበር እኮ። ከሃምሳ አንድ ወደ አርባ ሦስት አወረዱኝ። ትናንት እኔም እዚያ ሆኜ ስለ ዕድሜ ሲወራ ላብ ሲያጠምቀኝ ነበር።»

ልጄ ቀና አለች። «አንተ! ሽበቱን ‹ጥጥ ነው፣ ከሥራ የመጣ ነው› ስትለኝ!»

«ጥጥም አለበት» አላት።

ሳቀች፣ ከዚያ አለቀሰች፣ ከዚያ ነጠላዋን አነሳች። በሕይወቴ የረሳሁት ነገር ቢኖር ያ ዶሮ ብቻ ነው።

ወዲያው ሐኪም ቤት ሄድን፤ ነርሷ ደብተሬን አገላብጣ አየችና «አባት፣ ትናንት ለምን አልነገሩኝም?» አለችኝ።

«ትናንት ያነሳሽው ጽሕፈቱን ነበራ።»

የሪፈር ወረቀቱን ሰጠችን። በሦስተኛው ቀን ደብረ ብርሃን ገባን። ሐኪሙ ለክተው የአንገቱ ጀርባ ውፍረት ከሚጠበቀው በላይ እንደሆነ ነገሩን። «ይህ ጥርጣሬ እንጂ ቁርጥ አይደለም» አሉ። «ቁርጡን ለማወቅ የሽርት ውሃው በመርፌ ተወስዶ መመርመር አለበት፤ ለዚያ አዲስ አበባ ትሄዳላችሁ።»

«ጥርጣሬው ይበቃኛል» አለች ልጄ። «እዚሁ መጥቼ እወልዳለሁ። እንደተወለደ ልቡን እዩልኝ።»

ዝም ማለት አልሆነልኝም። «ዕድሜዋን ከመታወቂያው ላይ የቀነስኩት እኔ ነኝ፤ ጥፋቱ የእኔ ነው?» ብዬ ጠየቅሁ።

«እርስዎ የቀነሱት ከወረቀት ላይ ነው» አሉኝ። «ደግሞም እንዲህ ሆነው ከሚወለዱት ብዙዎቹ እናቶቻቸው ወጣቶች ናቸው፤ በብዛት የሚወልዱት ወጣቶች ስለሆኑ።» ይህ ሂሳብ ወዲያው ገባኝ። ለልብስ ሰፊው ግን መሐል ሜዳ እስክንደርስ ሳስረዳው ነበር።

ሴት ልጅ ተወለደች። እንደተጠረጠረው ዳውን ሲንድረም አለባት። በተወለደች ማግሥት ልቧ ሲታይ ትንሽ ቀዳዳ ተገኘ፤ መድኃኒትና ክትትል ወዲያው ተጀመረላት። በቅርቡ መቀመጥ ጀምራለች፤ ከደረት ኪሴ እስክሪብቶ መንጠቅም ትችልበታለች።

ከዚያ ወዲህ እነዚህን ፈጽሜያለሁ።

ዕድሜያቸውን የቀነስኩላቸውን ሴቶች ከደብተሬ እያወጣሁ ቤት ለቤት ዞሬ ለአሥራ አንዱ ትክክለኛውን ነገርኩ። ሦስቱ ውሻ ለቀቁብኝ። አንዷ ተጨማሪ ሁለት ዓመት እንድቀንስላት ለመነችኝ፤ እምቢ አልኩ።

ክሮሞዞም የሚለውን ቃል ሳልደናቀፍ እናገራለሁ። ለቅሶ ቤት ውስጥ «እናቷ ምን በድላ ይሆን?» ያለውን ሰው ቁጭ አድርጌ አስረድቼዋለሁ። ሲሄድም አልተሰናበተኝም።

የልጅቷን ልደት አስመዘገብኩ። በእኔ ቦታ የተተካው ጸሐፊ ቀኑ ይበቃል ቢለኝ፣ ቀኑንም ሰዓቱንም ወንጌላዊውንም ነገርኩት። መስመሩ ጠበበ አለ። ከጎን አስጻፍኩት።