ድምፅ ያሞቃል ስለ ተባለው ማጉያ

ዛሬ ብዕር ያነሣሁት ጎረቤቴ ሐጂ ሰይድ የሟች እናታቸውን መንዙማ የሚያሰሙበትን ብቸኛ የቴፕ ማጫወቻ በአዲስ የድምፅ ማጉያ እንዳይለውጡ ለመከላከል ነው።

ማጉያው ከፊቱ ሁለት የመስታወት አምፖሎች ቆመውበታል። ልውውጡን ያቀረበላቸው የከሚሴ ነጋዴ «ግማሹ የድሮ አምፖል፣ ግማሹ ዘመናዊ ቺፕ ነው» አለን። «ወላሂ ጋሼ፣ አምፖሉ ድምፁን ያሞቀዋል።»

«ልጄ፣ ድምፅ ይጎላል፣ ይጠራል እንጂ አይሞቅም። የሚሞቅ ሾርባ ነው» ብዬ አረምሁት።

ሐጂ ግን እጃቸውን ወደ አምፖሉ አስጠግተው «እውነቱን ነው፤ ሞቋል» አሉ።

ማጉያውን አስጠፍቼ አምፖሎቹን አስነቀልሁና ዳግም አስከፈትሁት። ድምፁ እንደ ነበረ ቀጠለ።

በቅሎን «አባትሽ ማን ነው?» ቢሏት «እናቴ ፈረስ ናት» አለች ይባላል። ይህም ማጉያ በአምፖሉ ይኮራል እንጂ ሥራውን የሚሠራለትን ቺፕ አያነሣም።

ነጋዴው «አምፖሉ ለግርማ ሞገስ ነው» ሲል ሐጂ «ግርማስ አለው» ብለው እስከ ሐሙስ ሊያስቡበት ቀጠሮ ያዙ።

ስለዚህ እንዲህ ያለ ማጉያ የገዛችሁ ሁሉ፣ ኤሌክትሪኩን አቋርጣችሁ፣ አምፖሉን ነቅላችሁ፣ መልሳችሁ ስትከፍቱት የሰማችሁትን እስከ ረቡዕ ማታ በጽሑፍ አስታውቁኝ፤ ለሐጂ አነብላቸዋለሁ። «ድምፅ» የሚጻፈው በፀሐዩ «ፀ» ነው።