ባለ ሁለት አፍንጫዋ ታንኳ

ታንኳ የሚሠራበት እርጥብ ደንገል በሸተተኝ ቁጥር ተመልሼ አራተኛ ክፍል እገባለሁ። አባቴ ለፋብሪካ ሥራ ባሕር ዳር የመጣ ሰው ስለነበር ስለ ታንኳ የማውቀው ከጣና ዳር ቆሜ ያየሁትን ብቻ ነው። ሦስተኛ ክፍል ሳለሁ ሥዕሌ ላይ ሰማዩን ቢጫ ቀብቼ መምህራችን ጆሮዬን ቆነጠጡኝ። ከዚያ ወዲህ አጠገቤ የተቀመጠችው ልጅ የሠራችውን ሳላይ እርሳስ አላነሣም ነበር።

አራተኛ ክፍል መምህርት ታንጉት ደረሱልን። የቅኔ መምህር ልጅ ናቸው፤ በአባታቸው ጉባኤ የቅኔው ልክ የጥንት፣ ቃሉ ግን ሁልጊዜ አዲስ መሆን እንዳለበት ያጫውቱን ነበር። አንድ ቀን ሐይቁ ዳር ወስደው ለየአንዳንዳችን ደንገል አደሉንና ትንሽ ታንኳ ሥሩ አሉን። አስተሳሰሩ እሳቸው እንዳሳዩን ነው፤ ቅርጹ የራሳችን።

እጄ ምን እንደነካው እንጃ፣ ከፊትም ከኋላም አፍንጫዋ የተቀሰረ ታንኳ ሠራሁ። ልጆቹ መሄጃና መምጫዋ ጠፋባት እያሉ ሳቁብኝ። መምህርት ታንጉት ሲመጡ ጆሮዬን በእጄ ሸፈንሁ። እሳቸው ግን አጠገቤ ቁጢጥ ብለው ማሠሪያውን በጣታቸው ሳቡት።

«ይኸ ላልቷል። ፍችና ድገሚው።»

ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል እያሉ ጣቴ እስኪላጥ አስደገሙኝ። ሁለቱን አፍንጫዎች ግን አልነኩብኝም። በመጨረሻ ሳቡት፤ አልላላም።

«እንግዲህ ለሐይቁ ስጭው» አሉኝ።

ታንኳዎቻችንን እንደለቀቅን ወደ ገዳማቱ የምትሄድ የሞተር ጀልባ አለፈች፤ ማዕበሏም መጣ። በጥድፊያ የታሰሩት ተበታተኑ። የእኔዋ ዞረች፣ ተንገዳገደች፣ በሌላኛው አፍንጫዋ ማዕበሉን ወጥታ ቀጠለች። ያ ሁሉ ውኃ የእኔን ነገር ተሸከመው! እንደዚያ ቀን በዓለም ተደንቄ አላውቅም።

ዛሬ ግሽ አባይ አስተምራለሁ። ተማሪዎቼ እኛ ያላየነውን ሁሉ በስልክ ያያሉ፤ ጆሮ መቆንጠጥም ቀርቷል ይባላል። በቀደም አንዲት ተማሪዬ ታሪኩን ከመጨረሻው የጀመረ ድርሰት አመጣች። እንዲህ አይጻፍም ልል አፌን ከፈትሁ። ቀና ስል እጇ ጆሮዋ ላይ ነው።

አጠገቧ ቁጢጥ አልሁ። አንድ የላላ ዓረፍተ ነገር ፈልጌ፣ ይኸን ፍችና ድገሚው አልኋት። መጨረሻውን መጀመሪያ ማድረጓን አልነካሁባትም። እጇ ቀስ እያለ ወረደና እርሳሷን ያዘች።