ኢንተርኔት ፍለጋ ወደ አልዱባ ኩይሳ

ማክሰኞ፣ ንጋት 12፡00፣ ጂንካ

መነኻሪያው ገና በቅጡ አልነጋለትም፤ ረዳቱ ግን «ቀይ አፈር! አልዱባ!» እያለ ጉሮሮው እስኪሰነጠቅ ይጮኻል። ቦርሳዬ ውስጥ የመሥሪያ ቤቴ ታብሌት አለ። ትናንት አንድ ባለሙያ በስብሰባ ላይ ቻርት አሳየን፤ ሀብታም አገሮች ኢንተርኔት ይጠቀማሉ፣ ድሆቹ ብዙም አይጠቀሙም። ይህን ለማወቅ ያን ያህል መማሩ ገርሞኝ ሳላበቃ «የእኛንም አካባቢ አጥኑ» ተብለን ተበተንን።

«ለምን ትሄዳለህ?» አለኝ ሹፌሩ።

«ኢንተርኔት የሚጠቀም ሰው ልቆጥር።»

«በል፣ ለምሳ ትመለሳለህ።»

ረፋድ 4፡00፣ አልዱባ ገበያ

ፍየል፣ ማር፣ ቅል፣ አቧራ፣ የእጅ ባትሪ። ማር የሚሸጡ አንድ አዛውንት «ኔትወርክ መች አለና!» አሉኝ። «አይጠቀሙም» የሚለውን ስነካ ታብሌቱ «ኢንተርኔት የለም፣ መላክ አልተቻለም» አለ። ኢንተርኔት የሌለው ሰው፣ እንደሌለው የሚመዘገበው በኢንተርኔት ነው። ይህን ያሰበ ጭንቅላት ይባረክ! እስከ ቀትር ሠላሳ ሰው ጠይቄ አንዱም አልተላከም።

ቀትር 6፡20፣ ኩይሳው

ከገበያው ጀርባ ምስጥ የቆለለው ትልቅ ኩይሳ አለ። ኔትወርክ የሚገኘው አናቱ ላይ ነው፤ እሱም ለአንድ ሰው ብቻ ነው የሚበቃው። ተራ ይዛ የቆመችው ኤልሳ የምትባል የበና ብሔረሰብ ልጅ ናት። የነርስ ትምህርት ደርሷት፣ «እመጣለሁ» ብላ እስከ ሰባት ሰዓት በኢንተርኔት ካላረጋገጠች ቦታው ለሌላ ይሰጣል። ብትማር በቤታቸው የመጀመሪያዋ ደሞዝተኛ እሷ ትሆን ነበር።

«ጋሼ፣ እንግዳ ነህ አይደል? አንተ ቅደም፤ እኔ ትንሽ እቆማለሁ» አለችኝ። እዚህ አገር እንግዳ አይሰለፍም።

«ሁለት ደቂቃ ነው» ብዬ ወጣሁ።

«በመላክ ላይ» ይላል ታብሌቱ። ሃያ ሁለት፣ ሃያ ሦስት... ብወርድ ከአንድ ሊጀምርብኝ ነው። እሷ ከታች ሰዓቷን ታያለች፤ እንግዳን ደግሞ ማቻኮል ነውር ነው። ስጨርስ ሰባት ሰዓት ከአምስት ሆኖ ነበር።

ወጣች፤ ብዙም ሳትቆይ ወረደች።

«ተዘግቷል ይላል።»

አፈርኩ።

«ያንተ ግን ደረሰ አይደል?» አለችኝ፣ ከልቧ።

ባለሙያው ገቢ ሲያድግ ኢንተርኔት እንደሚያድግ ነግሮናል። ኔትወርክ ሲጠፋ ደሞዝ እንዴት እንደሚቀር ግን ቻርቱ ላይ አልነበረም።

ምሽት 12፡00፣ ጂንካ

አለቃዬ በር ላይ ጠበቀኝ። «ሠላሳውም ደርሷል! ቴክኖሎጂ ማለት ይሄ ነው!»

«በእኔ ምክንያት አንዲት ልጅ የትምህርት ቦታዋን አጣች» አልኩት።

ታብሌቱን ተቀብሎ ቅጹን ከላይ እስከ ታች ገለጠና «ይሄ ስንተኛው ጥያቄ ላይ ይሞላል?» አለኝ።