አያ ላቀውና የጥቁር ውሃ ድልድይ

አያ ላቀው ሐብተ ማርያም ምርጫ ያሸነፈው በንግግር አይደለም፤ ለቅሶ በመድረስ ነው። ከአዲ አርቃይ በታች ባሉት ቀበሌዎች ሰው ሞቶ እሱ የቀረበት ቀን አይታወቅም። አዲስ አበባ፣ ምክር ቤት ተቀምጦ መርዶ ከሰማ ባገኘው ማኪና ተሳፍሮ፣ ነጠላውን አዘቅዝቆ ከተፍ ይላል። የሟቹን ዘር እስከ ቅድመ አያቱ እየጠራ ሲያነባ ያየ ሰው እንግዲህ ድምፁን ለማን ይስጥ? አምስት ጊዜ ተወዳደረ፤ አምስቱንም አሸነፈ።

ሰው የሚጠይቀው ግን ከመጀመሪያው ምርጫ ጀምሮ አንድ ነገር ነበር፤ ድልድይ። ጥቁር ውሃ የሚሉት ወንዝ አገሩን ለሁለት ይከፍለዋል። የማኪናው መንገድ፣ ጤና ጣቢያው፣ ገበያው ሁሉ ወዲህ ነው፤ ማዶ ያለው ቤተ ክርስቲያኑና የገበሬ ጎጆ ብቻ። በክረምት ማዶ የታመመ ሰው መስከረምን መጠበቅ ነው ዕጣው። አያ ላቀውን እናታቸው ከሞተች ወዲህ በጀርባዋ አዝላ ያሳደገችው ታላቅ እኅቱ እቴነሽም የምትኖረው እዚያው ማዶ ነው። ለምርጫ በመጣ ቁጥር እግሩን አጥባ፣ አብልታ ስታበቃ፣ «ላቀው፣ ያን ነገር ነገርሃቸው?» ትለዋለች።

«ተራዬን እየጠበቅሁ ነው» ይላታል።

ውሸቱን አልነበረም። አያ ላቀው የቄስ ልጅ ነው፤ ጎንደር፣ ቅኔ ቤት ያደገ። ታላቅ ሲናገር ዝም፣ ሲጠሩት ብድግ፣ አፍ ሲከፍቱ መጀመሪያ ምስጋና፤ የለመደው ይህንን ነው። በሁለተኛው የምክር ቤት ዘመኑ አንድ ቀን ተራው ደረሰና ማይክሮፎኑ በራለት። ተነሣ። ለዚህ ቀን ያደረሰውን አምላክ አመሰገነ። አፈ ጉባኤውን አመሰገነ። በዚያ ሳምንት እናታቸው ያረፉባቸውን አንድ አባል አጽናና። የመረጠውን ሕዝብ ሰላምታ ቀበሌ በቀበሌ አቀረበ። «እንግዲህ፣ የተከበረው ምክር ቤት፣ ጥቁር ውሃ የሚባል አንድ ወንዝ…» ሲል ማይክሮፎኑ ጠፋ። «ጊዜዎን ጨርሰዋል፤ እናመሰግናለን» ተባለ።

አጠገቡ የነበሩት ጨዋነቱን አደነቁለት። እሱ ግን አፈረ፤ ደግሞ ልናገር ማለት ነውር መሰለው። ከዚያ ወዲያ እጁ የሚነሣው ድምፅ ሲሰጥ ብቻ ሆነ፣ ያውም የሌላው ሁሉ እጅ ከተነሣ በኋላ።

በሦስተኛው ምርጫ መምህር ምንዳዬ የሚባል ጎረምሳ ተነሣበት። «ይህ ሰው የሚመጣላችሁ ከሞታችሁ በኋላ ነው! እኔ በቁማችሁ ድልድይ እጠይቅላችኋለሁ!» እያለ በየገበያው ቀሰቀሰ። ሰው ሳቀ፤ እውነትነቱም አልጠፋውም። ነገር ግን በምርጫው ሳምንት አንድ የተከበረ ሽማግሌ አረፉ። አያ ላቀው ቀባሪ ሆኖ ዋለ፤ ምንዳዬ ለቅስቀሳ አዲ አርቃይ ገበያ ወጥቶ ቀረ። ለቅሶ የቀረ ሰው ደግሞ በዚያ አገር አይመረጥም። አያ ላቀው ዛሬ ያን ቀን ሲያስበው፣ «ምነው ያኔ በወደቅሁ!» ይላል።

ጡረታ ሲወጣ ጎንደር፣ ቀሐ ወንዝ አጠገብ ቤት ተከራይቶ ተቀመጠ። ባለፈው ነሐሴ ዳኛው የሚባለው የእቴነሽ ልጅ ደወለለት። «አያ ላቀው፣ እናቴ ጠናባት። በቃሬዛ ተሸክመን ወንዙ ድረስ ወርደን ነበር፤ አላሳልፍ ብሎን ይዘናት ተመለስን።»

በማግስቱ ማለዳ ተሳፍሮ ወንዙ ዳር ሲደርስ ቀኑ ተጋምሷል። ማዶ ነጠላ ያዘቀዘቀ ሰው ቆሞ አየ። ሲጠብቁት ነው የዋሉት። እቴነሽ እንዳረፈች ገባውና ጭቃው ላይ ተቀመጠ።

ወንዙ ግንድ እያንከባለለ ይወርዳል። ተነሥቶ ጫማውን ሲያወልቅ ማዶ ያሉት ሁሉ ጮኹ። ዳኛው መዳፎቹን አፉ ላይ ደግኖ ተጣራ፤ «እንዳትገባ! ሁለት ሬሳ አታሸክመን! በአንተ ፈንታ እኛ እንቀብራታለን!»

ቀበሯትም። እሱ የሰማው ከዳገቱ የሚወርደውን የደወል ድምፅና ዋይታ ብቻ ነው። ሲያበቁ ወደ ድንኳኑ አልሄዱም። ዝናብ እየመታቸው ሽማግሌው ሳይቀር ወንዙ ዳር ወርደው ፊት ለፊቱ ቆሙ። ለቅሶ ሊደርሱት ነበር።

«እግዜር ያጥናህ!» እያሉ ጮኹለት። «የኛን መቼ ቀርተህ ታውቃለህ፣ አያ ላቀው!»

ይህ ከወንዙ ይልቅ አስፈራው። አንዱ እንኳ ቢሰድበው ምንኛ በወደደ ነበር።

«እኔ ነኝ የገደልኋት!» አለ ባለ በሌለ ድምፁ። «ስለናንተ አንድ ቃል መናገር አቅቶኝ! እኔ ነኝ!»

ማዶ ያለው ሰው የሐዘንተኛ ወግ መሰለው። ነጠላውን ፊቱ ላይ ጣል አድርጎ አብሮት አለቀሰ።