ለአድማሱ ያጠለቅኩለት ሄልሜት

ቅዱሳን፣ ጌታ ያደረገልኝን ልናገር ነው የቆምኩት። ሞተር ላይ እንጂ ሰው ፊት መቆም አልለመድኩም፤ ብንተባተብ ታገሡኝ።

ከቦንጋ ወደ ዋጫ በሚወስደው መንገድ ሃያ ዓመት በሞተር ተሽቀዳድሜያለሁ። የሁልጊዜ ተፎካካሪዬ አድማሱ ነበር። እሱ አማኝ ነው፤ ከመነሳታችን በፊት ሲጸልይ እኔ «ጸሎት ሞተር አያስነሳም» እያልኩ አሾፍበት ነበር። ጌታ ይቅር ብሎኛል።

ኮሮና ሲመጣ ውድድሩ ቆመ። ለወጣት አንድ ዓመት ምንም አይደለም፤ እኔ ግን ሃምሳ አምስት አልፎኛል። እኩዮቻችን ሞተራቸውን እየሸጡ ተዉት። ቤት ቁጭ ስል ያበቃልኝ መሰለኝ። እናም መሰብሰብ ተከልክሎ ሳለ እኔና አድማሱ ተጠራርተን ወጣን፤ ሰዓት እየያዝን በተራ ዳገቱን ልንነዳ። ማስክ አላደረግንም፤ ሄልሜት ይበቃል ብለን ነው። ሄልሜት መዋዋስም ልማዳችን ነው፤ የጨረሰው አውልቆ ለተረኛው ያጠልቅለታል።

ያን ቀን ያስለኝ ነበር። «አረጀህ፣ ይቅርብህ» እንዳይለኝ ደበቅኩት። ነድቼ ተመለስኩና በገዛ እጄ ሄልሜቱን አጠለቅኩለት።

እኔ በሳምንት ዳንኩ። አድማሱ ሆስፒታል ገባ። ባለቤቱ አበበች ደውላ «ሐኪሙ ሳንባው ደክሟል፣ ኦክስጅኑም ብዙ አልረዳውም አለን። አንተም ጸልይለት» አለችኝ። ጸሎት አላውቅም። ሞተሬ አጠገብ ተንበርክኬ «ጌታ ሆይ፣ እኔ ነኝ ያሳመምኩት፤ እባክህ አድነው» አልኩ። ጌታን ያገኘሁት እዚያ ነው።

ስሙ ይባረክ፣ አድማሱ ድኖ ወጣ። ለእኔ ግን የከበደው ከዚያ በኋላ ነው። ሁሉም ሰው በሽታው ከገበያ የያዘው ይመስለው ነበር፤ ዝም ብል ማንም አያውቅብኝም። ጌታ ግን እንቅልፍ ነሳኝ። ቤቱ ሄጄ፣ በሩ ላይ ቆሜ «ያን ቀን እያሳለኝ ነበር። እያወቅኩ ነው ሄልሜቱን የሰጠሁህ» አልኩት።

እሱም ትንፋሽ እያጠረው «ስታስል ሰምቼሃለሁ» አለኝ። «ፈራ እንዳትለኝ ብዬ ነው ሄልሜቱን ያደረግኩት። በል ግባ፣ እንጸልይ።» ሁለት ሽማግሌዎች ተቃቅፈን አለቀስን።

ወገኖቼ፣ ደብቃችሁ የያዛችሁት ነገር ካለ ጌታን እመኑትና ተናገሩት። እኔ ኩራቴን እንጂ ሌላ ያጣሁት የለም። አድማሱን ሐኪም ሞተር ከልክሎታል፤ እሑድ እሑድ ከኋላዬ አፈናጥጬ ወደ ቤተ ክርስቲያን የማመጣው እኔ ነኝ። ቀስ ብዬ ነው የምነዳው። ወጣቶቹ ጥለውን ያልፋሉ፣ ይለፉ። ትንፋሹ ጀርባዬ ላይ ይሰማኛል፤ በተሰማኝ ቁጥር ጌታን አመሰግናለሁ።