በጭብጨባ የተደፈነ ቦይ

የቀበሌያችን ሊቀመንበር ጓድ ጉልላት ማጨብጨብ ይወዳል፤ መስማት ግን አልፈጠረበትም። ኮልፌ ውስጥ በማያውቀው ነገር እንደሱ የሚተማመን ሰው አላየሁም፤ ወደፊትም አያሳየኝ!

በ1979 ክረምቱ ከዳን። ሐምሌ አቧራ ሆኖ አለፈ። ያኔ ስለ አየር ጠባይ የሚያስረዳ አንድ ምሁር ቀበሌው አዳራሽ መጣ። «የሩቁ ውቅያኖስ ሲሞቅ የኛ ዝናብ ይሳሳል፤ ሲቀዘቅዝ ይበረታል። ይሄ ድሮም የነበረ ነው። አሁን ደግሞ የፋብሪካ ጭስ ምድርን እያሞቃት ነው...» ሲል ጉልላት ብድግ ብሎ አጨበጨበ። እሱ ካጨበጨበ ማን እጁን አጣጥፎ ይቀመጣል? አዳራሹ በጭብጨባና በመፈክር ተናጋ። ሰውዬው ግን ገና አልጨረሰም። «የሞቀ አየር ብዙ ውሃ ይሸከማል፤ ሲጥል ደግሞ ባንዴ ነው የሚጥለው» እያለ ነበር። ፊት የተቀመጥነው ብቻ ሰማነው።

ጉልላት ይዞት የወጣው «ምድር ሞቀች» የምትለዋን ብቻ ነው። በሳምንቱ ዘመቻ ጠርቶ፣ ከወይዘሮ ወለተጻድቅ ቤት በላይ ያለውን የጎርፍ ቦይ አስደፈነና ጎመን አስተከለበት። ወለተጻድቅ ባሏ ከሞተ ወዲህ ያለቻት ያቺ የጭቃ ቤት ብቻ ናት።

«ጓድ ሊቀመንበር፣ ክረምቱ የተመለሰ እንደሆነ ውሃው እኔ ላይ ነው የሚመጣው» ብላ ለመነችው።

«እትዬ፣ ሳይንስ ነው! ዝናብ ድሮ ቀረ!»

ሳይንስ! እርሙን አንድ ቀን ሰምቶ፣ እሱንም ግማሹን።

በ1980 ክረምት ዝናቡ የቀረበትን ሁሉ አካክሶ ወረደ። ጎርፉ መሄጃ ቢያጣ በወለተጻድቅ ጓሮ ገባ፤ ግድግዳውን ገርስሶ አልጋዋን ይዞት ሄደ። እሷ በጎረቤት ጩኸት ነፍሷን ብቻ ይዛ ወጣች።

ጉልላት ዣንጥላውን ዘርግቶ መጣ። «ይሄ የኢምፔሪያሊስቶች ጭስ ያመጣው ጣጣ ነው!» አለ። አንዳንዱማ ከልማዱ ሊያጨበጭብ እጁን አነሳ እኮ! በስመ አብ!

ወለተጻድቅ እስከ ጉልበቷ ጭቃ ውስጥ ቆማለች። «ጭሱ የነሱ ይሁን፤ ውቅያኖሱም የእግዜር ይሁን» አለችው። «ቦዩን ያስደፈንከው ግን አንተ ነህ!»

ጉልላትን ሰው ፊት ለፊት «አንተ» ሲለው ያን ቀን ብቻ ሰማሁ። ደስ አለኝ፤ ለምን እዋሻለሁ!

ጉልላት ወደኛ ዞረና የእሁድ ዘመቻ አወጀ፤ ቦዩ እንደገና ሊቆፈር ነው። «ማንም እንዳይቀር! እትዬ፣ እርስዎም አካፋዎን ይዘው ይምጡ።»

«አካፋዬ ግድግዳው ስር ነው» አለችው።