መኪናዋ ደህና ነበረች

ይህን ለንስሐ አባቴ እንኳ ሳልናገር መስቀላቸውን ስሳለም ኖሬአለሁ። ዛሬ ለእናንተ ልናገረው።

በስማዳ ገጠር የአምቡላንስ ሾፌር ነበርኩ። ለዚያ ሁሉ አገር መኪናዋ አንድ፣ ሾፌሩም እኔ ብቻ። ምጥ የያዛትን፣ ከገደል የወደቀውን፣ በጥይት የቆሰለውን አመላልሳለሁ። ሰው ይመርቀኛል፤ እኔ ግን እንቅልፍ ከራቀኝ ቆይቶ ነበር። ስልክ በጮኸ ቁጥር ሳላነሳው ትንሽ አስጮኸዋለሁ። ለማን ልንገር? ሾፌር ሆኖ «ፈራሁ» የሚል አለ?

ያን ቀን ጠዋት፣ ምጥ የጠናባት ሴት ወደ ንፋስ መውጫ ሆስፒታል ስወስድ መንገድ ላይ አረፈችብኝ። እናቷ እጇን ይዘው «ቶሎ ንዳ ልጄ፣ ቶሎ ንዳ» ይሉኝ ነበር፤ ካረፈችም በኋላ ይሉኝ ነበር። አስከሬኗን ለቤተሰቧ አድርሼ፣ መኪናዋን አጥቤ ባሕር ዛፍ ሥር አቆምኳት።

ከሰዓት በኋላ ስልኩ ጮኸ። አያ ሙጬ ናቸው፤ ከወንዝ ማዶ ያሉ ሽማግሌ ገበሬ።

«ልጄ እናኑ ምጥ ጠንቶባታል። ድረስልኝ የኔ ልጅ።»

«መኪናዋ ተበላሽታለች» አልኩ።

እኔ ነኝ ያልኩት። ከአፌ አመለጠኝ አልልም። በጋ ነው፤ መንገዱ ደረቅ ነው፤ ነዳጅ አለኝ፤ መኪናዋ ደህና ነበረች።

«አይ፣ አንተስ ምን ታደርግ! እንግዲያ በቃሬዛ እናወጣታለን» ብለው መረቁኝ።

መልሼ መደወል አልችልም ነበር? «ተሠራች» ብል ማን ይጠይቀኛል? ቁልፉ እጄ ላይ ነበር። ፀሐይ እስክታዘቀዝቅ ቁልፉን ይዤ ተቀመጥኩ።

እናኑ ዳገቱ ላይ፣ በወንድሞቿ ትከሻ እንዳለች ወለደች። ደሟ አልቆም አለ። ሕፃኗ ተረፈች፤ እሷ ጤና ጣቢያ ሳትደርስ ቀረች።

ሰንብተው አያ ሙጬ የልጅ ልጃቸውን ሊያስከትቡ ወደ ጤና ጣቢያው መጡ። ሲያዩኝ ጠጋ ብለው፣

«መኪናህስ ዳነችልህ?» አሉኝ።

«ዳነች።»

«ተመስገን። ለሌላው ትደርሳለች።»

እያሾፉብኝ ይሆን ብዬ ዓይናቸውን አየሁ። ከልባቸው ነበር። ምነው በረገሙኝ!

ሥራውን ተውኩት። አሁን ንፋስ መውጫ ባጃጅ እነዳለሁ። የተሳፋሪ ስልክ ሲጮህ ዛሬም እግሬ ሳላዘው ፍሬን ይረግጣል። ለምን ተውከው ሲሉኝ «ደከመኝ» እላለሁ። እውነትም ደክሞኝ ነበር። የእናኑ ወንድሞችም ደክሟቸው ነበር፤ ቃሬዛውን ግን አልጣሉም።

አያ ሙጬ ዛሬም በሕይወት አሉ። ይቅር በሉኝ ብዬ እናንተን አልለምንም፤ ይቅር የሚሉኝ እሳቸው ናቸው። ደጃፋቸውን ግን እስካሁን አልረገጥኩም። ለእናንተ የምናዘዘውም እሳቸውን ስለፈራሁ ነው።